ቡችላው የማን ሥራ ነው?

የፊቸር አጻጻፍ መምህራችን «ርዕስ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ፣ መጀመሪያ ጓሯችሁን እዩ» ሲሉን አብዛኞቻችን ሳቅን። ጓሮ ውስጥ ምን አለ? ጎመን አለ፣ የተቀደደ ጀሪካን አለ፣ ዶሮ አለ። ክረምቱን ደብረ ማርቆስ ቤተሰቦቼ ጋ ከርሜ ስመለስ ግን ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ ያለው ነገር በሙሉ ስለ አንድ ቡችላ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ በዚህ እትም ስለ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ወይም ስለ ዜና አርትዖት ሳይሆን ስለ ቡችላ ብጽፍላችሁ ቅር እንደማትሰኙብኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፤ እኛ ቤት ሕፃን ልጅ አስነክሷል።

በመጀመሪያ ቤታችንን ላስተዋውቃችሁ። ደብረ ማርቆስ፣ በድሮ ስሟ መንቆረር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ክረምት ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። እኛ ቤት ስድስት ነን፤ አያቴ፣ አባዬ፣ እማዬ፣ እኔ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ወንድሜ (ማሙሽ ነው የምንለው) እና የሰባት ዓመቷ ሚጡ።

የሥራ ክፍፍላችን በወረቀት አልተጻፈም እንጂ ከየትኛውም አዋጅ የጸና ነው። እማዬ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ እሳት ታያይዛለች። ሊጥ ማቡካት፣ ወጥ መሥራት፣ እንጀራ መጋገር የሷ ነው፤ እኔ ከመጣሁ ምጣዱ ወዲያው ወደ እኔ ይዛወራል። ግቢ መጥረግ፣ ዕቃ ማጠብ፣ አመድ መድፋት፣ ቡና ማፍላት እንዲሁ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሌሊት ቧንቧው መንጫጫት ሲጀምር እኔና ማሙሽ ተነሥተን ጀሪካን እንሞላለን። ማሙሽ ሁለት በጎችም አሉት፤ ያግዳል፣ ያስገባል። አባዬ እንጨት ይፈልጣል፣ አጥር ያጥራል፣ ከዚያ ሬዲዮውን ይዞ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። አያቴ ይፈትላሉ፤ እየፈተሉም ሁላችንንም ያዛሉ።

ቡችላው የመጣው ሐምሌ መጀመሪያዎቹ ላይ ነው። አጎቴ ከረቡዕ ገበያ በኩል፣ ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ድንች ሊሸጥ ሲመጣ በአንድ እጁ ጆንያ፣ በሌላው እጁ በጋቢው ውስጥ የተጠቀለለ ቡናማ ነገር ይዞ ገባ። ከዚያ በፊት ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ቤት ዶሮ ተሰርቆ፣ አንድ ቤት ደግሞ ጅብ በግ ወስዶ ስለነበር አባዬ «እባክህ አንድ ውሻ ፈልግልኝ» ብሎት ኖሯል። የመጣው ግን ውሻ ሳይሆን መዳፍ የምታህል፣ ሆዷ የተነፋ ቡችላ ነበረች። አምስት ሳምንቷ ነው አለ አጎቴ። የእናቲቱ ወተት ስለደረቀ ቡችሎቹን ሁሉ ለዘመድ አዝማድ አከፋፍሏቸዋል።

ስም ላይ ትንሽ ተከራከርን። በአገራችን የውሻ ስም ብዙ ጊዜ ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው። ከሰው ጋር የተቀያየመ ሰው ውሻውን «ምን አገባህ» ብሎ ይሰይምና ጎረቤቱ በበሩ ባለፈ ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራዋል። አባዬም እንዲህ ዓይነት ነገር አምሮት ነበር፤ አያቴ «ከሰው አታጣሉን» ብለው ከለከሉት። በመጨረሻ ሚጡ ያወጣችው ስም ጸደቀ፤ ቡቺ። ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉት ውሾች ግማሹ ቡቺ ሳይሆን አይቀርም፤ ይሁን።

በዚያች ማታ ማሙሽ ያልገባው ቃል የለም። «እኔ ነኝ የማበላት፣ እኔ ነኝ የማጥባት፣ ካካዋንም እኔ ነኝ የምጠርገው!» አለ። አባዬም የውሻ ቤት ከሳንቃ እንደሚሠራ ተናገረ። እማዬ ግን ዝም ብላ ሽሮዋን ታማስል ነበር። እማዬ ዝም ካለች ነገር አለ ማለት ነው።

አሁን እዚህ ላይ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝና አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሳምንቱ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ለሦስት ቀን ማን ለቡችላዋ ስንት ጊዜ እንደተነሣ መዘገብኩ። የአባዬ ዓምድ ባዶ ነበር። ማሙሽ በመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ፣ በሁለተኛው አንዴ፣ በሦስተኛው ቀን ኳስ ጨዋታ ስለነበረው ጭራሽ የለም። የቀረው በሙሉ የእማዬ፣ የእኔና የሚጡ ነው። ወረቀቱን ለአባዬ ባሳየው «ይሄ ነው የምትማሩት?» ብሎ ሳቀ።

ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ሳስብ ነገሩ የጀመረው ከመኝታዋ ነው። አያቴ ዘንድ ሕጉ አንድ ነው፤ ውሻ ቤት አይገባም። ዕቃ ይልሳል፣ ጸሎት ያለበት ቤት ውስጥ መሆን የለበትም ባይ ናቸው፤ በጎጃም አብዛኛው ትልቅ ሰው እንዲሁ ነው የሚለው። ነገር ግን አምስት ሳምንት የሆናትን ነፍስ በሐምሌ ብርድ ደጅ ማሳደር አይቻልም፣ ሌሊቱን ሙሉ እያለቀሰች ሰፈሩን አስነሣች። እናም ሽምግልና ተደርጎ ማድ ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው አጠገብ፣ በአሮጌ ቅርጫት እንድትተኛ ተወሰነ። የአባዬ ሳንቃም በዚያው ተረሳ። ልብ በሉ፣ ቡቺ ማድ ቤት በመግባቷ ብቻ የሴት ሥራ ሆነች! ግቢ ውስጥ ታስሮ የሚጮህ ትልቅ ውሻ የአባወራ ነው፤ እሱ ነው የሚያስረው፣ የሚፈታው፣ «ውሻዬ» የሚለው። ማድ ቤት የሚሸና ቡችላ ግን የምጣድና የአመድ ዘመድ ነው።

የሽንቷ ጉዳይ ራሱ የቻለ ሥራ ነው። ቡችላ ባለጌ ሆኖ አይደለም በየቦታው የሚሸናው፤ ፊኛው ትንሽ ነው፣ ሁለት ወር ገደማ የሆነው ቡችላ ቢበዛ ሁለት ሦስት ሰዓት ያህል ነው መያዝ የሚችለው። ከእንቅልፍ ሲነቃ፣ በልቶ ሲጨርስ እና ተጫውቶ ሲያበቃ ወዲያውኑ ወደ ውጭ አውጥቶ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ማስቀመጥ፣ ሲሸናም ማሞገስ ነው የሚያዋጣው። እኛ ግን አፍንጫዋን ሽንቷ ላይ እያሸን መምታት ነበር የምናውቀው። ይሄ የሚያስተምራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ፊት አለመሽናት። ቡቺም ይህን በሚገባ ተምራ ከሊጥ ማቡኪያው ኋላ ተደብቃ መሽናት ጀመረች። ዱላውን ትተን በየጊዜው ማስወጣት ከጀመርን በኋላ በሁለት ሳምንት አብዛኛው ነገር ተስተካከለ። በዚያ ጭቃ መውጣት መግባቱን ግን ለጠላቴም አልመኝም።

ምግብ ላይም ብዙ ተሳስተናል። ውሻ የተረፈውን ይበላል፣ አለቀ። የተረፈው ደግሞ ወጥ የነካው እንጀራ ነው። የኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል የሚያፈርስ ነገር በውስጣቸው አለ። በትንሹ አንድ ቀን ቢቀምስ ላይታይበት ይችላል፣ በየቀኑ ሲሆን ግን ያደክመዋል። በርበሬውም ሆዱን ያቃጥለዋል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ሲሰበር እንደ መርፌ ስለሚሾል ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ቡችላ በቀን ሦስት አራት ጊዜ በትንሽ በትንሹ መብላት አለበት። እንግዲህ እኛ ያገኘነው መፍትሔ ከወጥ በፊት የተነሣ ነጭ እንጀራ፣ የተቀቀለ ድንች፣ አንዳንዴ እንቁላል፣ ሥጋ ሲኖር ቅመም ያልነካው የተቀቀለ ሥጋ ነበር። ጾም ሲሆን ለቡቺ ብሎ ሥጋ የሚገዛ የለምና ፍልሰታን አብራን ጾመች ማለት ይቻላል፤ እንቁላሉ ግን ተደብቆ ይሰጣታል። አያቴ አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ።

የተነፋ ሆዷን መጀመሪያ ጥጋብ መስሎን ነበር። ለካ ወስፋት ነው። ቡችሎች ወስፋትን የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ ገና ከእናታቸው ማሕፀንና ከወተቷ ነው። ስለዚህ ከተወለዱ በሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ፣ እስከ ስምንት ሳምንት ድረስ፣ የትል መድኃኒት ሊሰጣቸው ይገባል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድራቸው ጋር ወጥቶ አፈር ውስጥ ይቆያል፤ አፈር የነካ እጁን ሳይታጠብ አፉ የሚከት ሕፃንም ይይዘዋል። ሚጡ ደግሞ ቡቺን አቅፋ ዳቦ የምትበላ ልጅ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ቡቺ ስትጫወት አነካከሷ ለከት አልነበረውም። የማሙሽ እጅ ሁሌ የተጫጫረ ነው። በኋላ ነው ምክንያቱን የተረዳሁት። ቡችሎች የወተት ጥርሳቸው ሃያ ስምንት ነው፣ እንደ ሚስማርም የሾለ ነው። ከወንድሞቻቸው ጋር ሲታገሉ አንዱ ከመጠን በላይ ሲነክስ ሌላው ይጮህና ጨዋታውን ይተዋል፤ እናትየውም ትቆጣለች። «ይህን ያህል ከነከስኩ ያማል» የሚባለውን ልክ የሚማሩት በዚህ ነው። ለዚህም ነው ቡችላ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ መለየት የለበትም የሚባለው። ቡቺ በአምስት ሳምንቷ የመጣች ስለሆነች ይህን ትምህርት ሳትጨርስ አቋርጣለች። አባዬ ደግሞ ሲያያት ደስ ይለዋል፤ «ይቺ ኃይለኛ ትሆናለች» እያለ በጫማው ጫፍ ይቆሰቁሳታል።

ነሐሴ 12 ማታ፣ የቡሄ ዋዜማ። ልጆቹ በየደጁ እየዞሩ ይጨፍራሉ፣ ጅራፉ በየአቅጣጫው ይጮሃል። ለኛ ቡሄ ነው፤ ለአሥር ሳምንት ቡችላ ግን ሰማይ የተቀደደ ነው የሚመስላት። ቡቺ እየተንቀጠቀጠች የማድ ቤቱ መደብ ሥር ገባች። ሚጡ ሙልሙል ልታበላት ብላ እጇን ወደ ውስጥ ሰድዳ በአንገቷ ጎተተቻት። ጩኸቷን ስንሰማ ሁላችንም ሮጥን። የቀኝ እጇ አውራ ጣት ሥር ሁለት ቦታ ተበስቶ ደም ይፈሳል።

አያቴ ወዲያው የተፈጨ ቡና አመጡ፤ ደም ያቆማል። እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ያዘች። አባዬ «የራሳችን ቡችላ አይደለች እንዴ፣ ምን ትሆናለች» አለ። እኔ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቆሜ አያለሁ። ከሁላችንም የተሻለው ማሙሽ ነበር። «ትምህርት ቤት በሳሙናና በውሃ ይታጠባል ብለውናል» አለ። የሰማው ግን አልነበረም፤ ቡናው ተነሰነሰ፣ ጨርቁ ታሰረ።

በማግሥቱ ጠዋት ጤና ጣቢያ ስንሄድ ያገኘናት ነርስ መጀመሪያ ያደረገችው ቡናውን ማጠብ ነው። ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቀች። ውሻዋ አሁን የት ናት? ተከትባለች ወይ? የመጣችበት ቦታ የታመመ ውሻ ነበር ወይ? የመጀመሪያው ቀላል ነው፣ ማድ ቤት ናት። ሁለተኛው፣ አልተከተበችም። ሦስተኛውን ለማወቅ አባዬ ለአጎቴ ደወለለት። አጎቴ ትንሽ ዝም አለና «እናቲቱ እኮ ከጠፋች ሁለት ሳምንት ሆናት» አለ። አባዬ ፊቱ ሲለዋወጥ ያኔ ነው ያየሁት።

የእብድ ውሻ በሽታ እንዴት እንደሚሠራ እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር ብል ታምኑኛላችሁ? በሽታው ቫይረስ ነው፣ የሚገኘውም በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ነው። በንክሻ ሲገባ እንደሌላው ተሕዋስ በደም አይዞርም፤ ከቁስሉ አጠገብ ያለ ነርቭ ውስጥ ይገባና ነርቩን ተከትሎ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፤ አንዳንዴ ግን በሳምንት፣ አንዳንዴ በዓመት ሊሆን ይችላል። ንክሻው ለጭንቅላት ከቀረበ፣ ወይም እንደ እጅ ነርቭ የበዛበት ቦታ ከሆነ መንገዱ ያጥራል። ውሃ መፍራት፣ መቃዠት፣ መወራጨት የመሰሉት ምልክቶች ከታዩ በኋላ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ከንክሻው እስከ ምልክቱ ያለው ጊዜ ክትባቱ ቀድሞ እንዲደርስ ዕድል ይሰጣል። ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለአሥራ አምስት ደቂቃ ማጠብ የሚባለውም ለዚሁ ነው፤ ሳሙናው ቫይረሱን የሸፈነውን ቅባት ያፈርሰዋል። ቡናው ደምን ቢያቆምም ቫይረሱን እዚያው ሸፍኖ ያስቀምጠዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ንክሻን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። ጤነኛ ቆዳን መላስ ብቻ ከሆነ መታጠብ ይበቃል። ደም ያልወጣበት መጫር ከሆነ ክትባት ያስፈልጋል። ቆዳው ተበስቶ ደም ከወጣ ደግሞ ክትባቱም፣ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋው ተጨማሪ መድኃኒትም ያስፈልጋል። የሚጡ ሦስተኛው ነው። ተጨማሪው መድኃኒት እኛ በሄድንበት ሁሉ አልነበረም። ክትባቱም ቢሆን ጤና ጣቢያው ውስጥ ስላልነበረ ወደ ሌላ ቦታ ተላክን፣ ከሌላውም ወደ ሌላ። በመጨረሻ ከሰዓት በኋላ ክንዷ ላይ ተወጋች። ቀጠሮዋ በሦስተኛው፣ በሰባተኛውና በአሥራ አራተኛው ቀን ሆነ።

በነገራችን ላይ ይህ የዛሬው ክትባት ሲሆን ነው። የአባዬ ትውልድ የሚያስታውሰው ሌላ ነው። አገራችን ለረጅም ዓመታት የምትጠቀመው ከበግ አንጎል የሚሠራውን የድሮ ዓይነት ክትባት ሲሆን በየቀኑ ሆድ ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል ይወጋ ነበር። ይዘጋጅ የነበረውም አዲስ አበባ ነው፤ የዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለበትን ሰፈር ሰው እስከ ዛሬ «ፓስተር» የሚለው እዚያ በነበረው የፓስተር ተቋም ምክንያት ነው። ሉዊ ፓስተር ማለት እ.ኤ.አ. በ1885 ውሻ የነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ጆሴፍ ሜይስተርን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በክትባት ያዳነው ፈረንሳዊ ሳይንቲስት ነው። ያረፈበት ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 (በኛ መስከረም 18)፣ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሆኖ ይታሰባል። ጎጃምም ከበሽታው ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ በሽታው ታሪክና ባህላዊ ሕክምና ያሳተሙት ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1884 ትግራይን፣ በጌምድርን፣ ጎጃምንና ወሎን የመታው ወረርሽኝ ከሱ እየተጠቀሰ ይነገራል። ያኔ ጎጃምን የሚገዙት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ሜይስተር ፓሪስ ላይ ሲወጋ ከዚያ አንድ ዓመት እንኳ ቢርቅ ነው።

ቤት ስንገባ ሁለት ክርክር ጠበቀን። አንደኛው የአያቴ ነው። «በስሙ የታወቀ መድኃኒተኛ አለ፣ በሥር ያድናል፤ መርፌው ይቅርና እዚያ ውሰዷት» አሉ። ባህላዊ ሐኪሞቻችን የሚያውቁት ብዙ ነገር አለ፣ እኔ አላጣጥልም። እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያታልል ነገር አለ። የነከሰ ውሻ ሁሉ በሽተኛ አይደለም፤ ጤነኛ ውሻ የነከሰው ሰው ሥር ቢጠጣም ባይጠጣም አይታመምም። ስለዚህ መድኃኒቱ «ያዳናቸው» ብዙ ሰዎች ይኖራሉ፤ ያላዳናቸው ደግሞ አይናገሩም። ይህን ለአያቴ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ «እሺ፣ መርፌውን ትውጋ፤ እኔ ደግሞ ጸበል አስመጣላታለሁ» ብለው ተስማሙ። በዚህ ማንም አልተጎዳም።

ሁለተኛው የአባዬ ነው። መጥረቢያውን ይዞ ወደ ማድ ቤቱ ሲሄድ እማዬ በሩ ላይ ቆመችበት። ነርሷ የነገረችንን ለሱ የደገመችለት እማዬ ናት፤ «ከገደልካት ምን እንደነበረባት በምን እናውቃለን?» አለችው። የአሥር ቀን ክትትል የሚባለው ይህ ነው። ቫይረሱ የውሻው ምራቅ ውስጥ የሚገባው አንጎሉ ከተያዘ በኋላ ነው። ስለዚህ ሲነክስ በሽታው ምራቁ ውስጥ የነበረ ውሻ በአሥር ቀን ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። በአሥረኛው ቀን ደኅና ሆኖ ከተገኘ በዚያ ንክሻ አላስተላለፈም ማለት ነው። ውሻው ከተገደለ ወይም ከተባረረ ግን መልሱ አብሮት ይሄዳል። ምልክቱም ሁሌ ማበድ ብቻ አይደለም፤ ለሐጩን ማዝረክረክ፣ ድምፅ መለወጥ፣ የኋላ እግር መጎተት፣ ያለ ወትሮው ጥግ ይዞ ዝም ማለትም አለበት።

ዝም ማለቱ ነው ያስቸገረን። ቡቺ ታስራ፣ ማንም ሳይነካት፣ ምግቧ በረጅም እንጨት እየተገፋላት፣ ዝም አለች። ታማ ነው ወይስ አዝና? እማዬ በየጠዋቱ ከእንጀራው በፊት እሷን ነበር የምታየው። ሦስተኛው ቀን የፍልሰታ ፍቺ ዕለት ዋለ፤ ሚጡ ሁለተኛዋን መርፌ ተወግታ ስትመለስ ከድርሻዋ ሥጋ ቀንሳ «ለቡቺ» ብላ ሰጠችኝ። አልበላ አለች። ያን ሌሊት እማዬም እኔም አልተኛንም። በነጋታው ሳየው ሳህኗ ባዶ ነበር፤ ድመት ይሁን እሷ አላወቅንም። ሰባተኛው ቀን ላይ ጭራዋን ቆላች። አባዬ ሬዲዮውን አጥፍቶ ማድ ቤት በር ላይ መቀመጥ የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው፤ «እየጠበቅኳት ነው» ይላል። ነሐሴ 22፣ አሥረኛው ቀን፣ ቡቺ ገመዷን በልታ የማሙሽን ካልሲ ይዛ ግቢውን ስትዞር አገኘናት። ነርሷ ስታየን ሳቀችና አራተኛው መርፌ አያስፈልግም አለች። የእናቲቱን ነገር አጎቴ እስካሁን አላወቀም።

ሚጡ ዕድለኛ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺሕ ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው ከውሻ ነው፤ ከተጎጂዎቹ አርባ በመቶው ዕድሜያቸው ከአሥራ አምስት በታች ነው። አጎቴ ያለበት የጮቄ ተራራ በአንድ ወቅት የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነበር፤ ዛሬ እዚያ የለም። ባሌ ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎችም ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከገጠር ውሾች በመጣ በዚሁ በሽታ በተደጋጋሚ አልቀዋል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ሰባ በመቶ ያህሉ ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል።

ቡቺ የተከተበችው ሦስት ወር ሲሞላት፣ መስከረም 8 ነው። በዘንቢል ይዟት እንስሳት ክሊኒክ የሄደው አባዬ ነበር። የትል መድኃኒትም በዚያው ወሰደች።

ከዚያ በፊት ግን እንቁጣጣሽ ነበር። በጉ ታርዶ ሲገፈፍ ሳምባው ላይ የእንቁላል አስኳል የሚያክል ውሃ የቋጠረ ነገር ተገኘ። «ይህን ለቡቺ» ብሎ አባዬ ሊወረውር ሲል ጮህኩ። ያ ውሃ የቋጠረ ነገር የአንድ ትንሽ ኮሶ መሰል ትል ልጅ ነው። ውሻ ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፤ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፤ በግ ሲግጠው እንደገና ሳምባና ጉበቱ ላይ ይቋጥራል። ሰውም እንቁላሉን በእጁ ወይም ባልታጠበ አትክልት ከዋጠው እንደ በጉ ይሆናል፤ እያደር ጉበቱ ላይ የሚያድገውን ቋጠሮ ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ቀዶ ሕክምና ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ወይም ማቃጠል። አባዬ ጉድጓዱን ሲቆፍር «ደግሞ ይሄንን ማን ነገረሽ?» አለኝ። ነሐሴን ሙሉ ሳነብ ነው የከረምኩት።

የውሻ ቤቱም ተሠራ። ከማድ ቤቱ ወጥታ በረንዳው ጥግ ስትገባ ዓምዶቹ ተለዋወጡ፤ አሁን የሚያበላት አባዬ፣ ዓይነ ምድሯን የሚጠርገው ማሙሽ ነው። ምጣዱ ግን እዚያው እማዬ ጋ ነው።

ወደ ትምህርቴ ልመለስ ስል ሚጡ በከሰል የማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ «ቡቺ መስከረም 8 ተወጋች። እንደገና ለከርሞ መስከረም 8» ብላ ጻፈች። እማዬ ለመስቀል ግድግዳውን ስትለቀልቅ ያቺን ቦታ ዘላ ለቀለቀች።